ግሬት ቫይብስ ፎንት ከ8 ወር በኋላ፦ በድሬ የሠርግ ካርድ ላይ የሚያምረውና የሚያስቸግረው

ግሬት ቫይብስ የተባለው ቅጥልጥል የእጅ ጽሕፈት ፎንት ከዚራ ባለው ማተሚያ ቤታችን ሥራ ከጀመረ 8 ወር ሆነው። በብዛት የሠርግ ጥሪ፣ አልፎ አልፎም ሰርተፊኬትና የባጃጅ ስቲከር ወጥቶበታል። ፎንቱ ነፃ ነው፤ ፈቃዱ ለንግድ ሥራ መጠቀምን ይፈቅዳል፣ የሚከለክለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ነው። ያለው ውፍረት አንድ ብቻ ነው፣ ቦልድ የለውም። ከዚህ በታች የምናነሣው ጣጣ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ውበቱ ያለው ትልልቆቹ ፊደላት ላይ ነው። የስሙ መጀመሪያ ሰፊ ዙር ይዞ ይነሣል፤ ትንንሾቹ ጭራ ለጭራ ተያይዘው ይከተሉታል። ሙሽራና ሙሽሪት ስማቸው ጎን ለጎን በ48 ነጥብ የፊደል መጠን ሲቀመጥ በእርግጥ ካርዱን ያከብረዋል። ከሁለት ስም አልፎ የጥሪው ጽሑፍ በሙሉ ሲገባበት ግን አይነበብም። ቀን፣ ሰዓት፣ የአዳራሽ ስምና ስልክ ቁጥር በሌላ ፎንት ይሁኑ። ስሙን በሙሉ በትልቅ ፊደል መጻፍም አይሆንም፤ ዙሩ ዙር ላይ እየወጣ ይተበተባል። በፊደላት መካከል ያለውን ርቀት ዜሮ ላይ ተዉት፤ ትንሽ እንኳ ከተከፈተ ጭራዎቹ ይበጠሳሉ።

ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አንድ ካርድ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱ በላቲን ስለሚጻፉ ፎንቱ የሚፈተነው በእነሱ ነው። «ጫልቱ»ን እንውሰድ። በቁቤ ስትጻፍ መጨረሻዋ ላይ ሁለት «ዩ» ይከታተላሉ፤ በዚህ ፎንት እነዚህ አራት እኩል ቁልቁል ጭረቶች ይሆናሉ። ከ24 ነጥብ በታች ዓይን መቁጠር ስለሚያቅተው አንዱ «ዩ» የጠፋ ወይም «ደብሊው» የገባ ይመስላል። መፍትሔው ስሙን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ከጽሑፍ ወደ ሥዕል መስመር፣ ቀይሮ (በዲዛይን ፕሮግራሙ ኮረል ላይ ኮንትሮልና ኪው) በሁለቱ «ዩ» መካከል ያለውን ማያያዣ ጭራ በ0.3 ሚሊ ሜትር ያህል መሳብ ነው። ሁለቱ ፊደላት ፍጹም መንትያ መምሰላቸውም በዚያው ይቀራል፤ በእጅ የሚጽፍ ሰው አንድን ፊደል ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍምና።

ከዚህ የባሰው ሁዻ ነው፣ በቁቤ ፊደላት መካከል ከላይ የምትቀመጠዋ ጭረት (’)። ፎንቱ ለእሷ ቦታ ስለሚይዝላት ስሙ መሃል ላይ ይቆረጣል። እኛ ስሙን ያለ ሁዻ ጽፈን ካያያዝነው በኋላ ጭረቷን ለብቻዋ ከላይ እናስቀምጣለን። አደጋው ጽሑፉ ወደ ፖስታው ወይም ወደ ባነሩ ኮፒ ሲደረግ ሁዻዋ እዚያው መቅረቷ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ ከፋይሉ ጎን በተራ ፎንት ተጽፎ ይቀመጥ። የሰው ስም ተሳስቶ መታተም የለበትም።

በሶማሊኛ ዓሊ በ«ሲ»፣ ሐሰን በ«ኤክስ» ይጀምራል። ዙር የበዛበት የመጀመሪያ ፊደል አጻጻፉን የማያውቅ እንግዳን ስለሚያሳስት ስሙን በአማርኛ ከሥር መድገም ደግ ነው።

ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ሲመረጥበት ኮምፒዩተሩ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካል፤ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ግን የላቲን ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ለአማርኛው አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት እንመርጣለን፤ የቁም ጽሕፈት ጠባይ ስላለው ከቅጥልጥሉ አጠገብ አይደርቅም። አማርኛውን በኢታሊክ ማዝመም ግን ፊደሉን ያጣምመዋል እንጂ አያስማማውም። ላቲኑ ትንንሽ ፊደላቱ አጫጭር ስለሆኑ በእኩል ነጥብ ሲቀመጡ ያንሳል፤ መነሻችን አማርኛው 20 ሲሆን ላቲኑን 34 ማድረግ ነው።

ሕትመት ላይ የሚያስቸግረው ቀጭኑ መስመር ነው። በቶነር (በሌዘር ማተሚያ የቀለም ዱቄት) ላይ በሚለጠፍ ወርቃማ ፎይል ስንሠራ ማያያዣዎቹ በቂ ቶነር ስለማይዙ ወርቁ እየዘለለ ይይዛል። ቦልድ ስለሌለ በፊደሉ ቀለም 0.25 ነጥብ አውትላይን (የዳር መስመር) እንጨምርበታለን፤ በጥቁር ካርድ ላይ ነጭ ሲሆን 0.5። ከዚያ ሲያልፍ የትንንሾቹ ፊደላት ዓይን (ባዶ መሃላቸው) ይደፈናል።

ስቲከር ላይ ፊደላቱ የሚያያዙት ተደራርበው ነው። ስቲከር ቆራጩ ማሽን፣ ፕሎተሩ፣ ይህን አያውቅም፤ የእያንዳንዱን ፊደል ዳር ስለሚቆርጥ ስሙ በየመገጣጠሚያው ይከፋፈላል። ወደ ከርቭ ከተቀየረ በኋላ የግድ ዌልድ ይደረግ፣ ማለትም ፊደላቱ ወደ አንድ ቅርጽ ይዋሐዱ፤ ከመቁረጥ በፊትም የዳር መስመሩን ብቻ በሚያሳየው በዋየርፍሬም አይታችሁ መሃል ላይ የቀረ መስመር አለመኖሩን አረጋግጡ። ከ1.5 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ጭራ ትርፉ ሲላጥ አብሮ ይነሣል፤ ቢተርፍም በድሬ ፀሐይ ዳሩ መንቀል ይጀምራል። ለባጃጅ የኋላ መስታወት ስሙን ከማጥበብ ይልቅ በሁለት መስመር ከፍሎ ማሳደግ ይሻላል፣ የመስመሩን ርቀት ሰፋ አድርጎ፤ አለዚያ የላይኛው ስም ጭራ የታችኛውን ዙር ይወጋዋል።