ለፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄ ምስጋና፣ ለሥራ ባልደረቦቼም ጥቆማ

በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዛሬ በይፋ ማመስገን የምፈልገው የሕፃናት ሐኪምና ተመራማሪ የሆኑትን ፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄን ነው። በአካል አላውቃቸውም። ሥራቸውን ግን በየተራዬ እጠቀምበታለሁ፤ ብዙዎቻችሁም ሳታውቁት ትጠቀሙበታላችሁ።

ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 «ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ የኢትዮጵያ ሕፃናት በምንድን ነው የሚሞቱት? እኛ መዝገብ ላይ «ያለጊዜው በመወለዱ» ብለን ጽፈን እናልፍ ነበር። እናት «ልጄን ምን ወሰደብኝ?» ብላ ስትጠይቅ ይህ መልስ አይሆናትም። ለሚቀጥለው ሕፃን ምን እናድርግ ለሚል ሐኪምም አይረባውም።

በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ 5 ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ድረስ 4,919 ሕፃናት በጥናቱ ታቅፈዋል። 3,852ቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ሲሆኑ፣ ከነዚህ ውስጥ 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው አርፈዋል። ከሞቱት 45 በመቶውን የወሰደው ሳንባ ሳይበስል በመወለድ የሚመጣው የመተንፈስ ችግር ነው፤ እኛ አርዲኤስ የምንለው። ኢንፌክሽን 30 በመቶ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን ደግሞ 14 በመቶ ያህሉን ወስደዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ከግምት አልመጡም። ለ441 ሕፃናት ሙሉ የአስከሬን ምርመራ ተደርጎላቸዋል። በእኛ አገር ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጨቅላ ሲያርፍ ቤተሰብ የሚፈልገው ሳይውል ሳያድር ወስዶ መቅበር ነው። እንባዋ ያልደረቀ እናት አጠገብ ተቀምጦ፣ አባትን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «እንድንመረምረው ትፈቅዱልናላችሁ?» ማለት እንኳንስ ለሰሚው ለጠያቂውም ይከብዳል። እነዚያ ወላጆች እሺ ብለዋል። የማያውቁት ሰው ልጅ ይዳን ብለው እሺ ብለዋል። ከፕሮፌሰሩ ቀጥሎ ምስጋናዬ ለእነሱ ነው፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ፣ ውለታችሁን ይክፈላችሁ። ያንን ጥያቄ በአክብሮት ለጠየቁት ሐኪሞችና ነርሶችም እንዲሁ።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከሞቱት ሕፃናት በ69 በመቶው ላይ የሰውነት ሙቀት መውረድ ለሞታቸው አንዱ አጋዥ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። ብርድ ማለት ነው። ያልበሰለ ሳንባ ሰርፋክታንት የሚባለው ንጥረ ነገር ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ሕፃኑ አየር ባስወጣ ቁጥር የሳንባው ከረጢቶች እንደ እርጥብ ፌስታል ይጣበቃሉ፣ ለመክፈትም ያቃስታል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ ሕፃን ከበረደው ያለችውን ጥቂት ኦክስጅንና ስኳር ለሙቀት ያቃጥላታል፤ ሰርፋክታንት የማምረት አቅሙም ይዳከማል። ሰርፋክታንት መድኃኒቱ ውድ ነው፣ እንደ ልብ አይገኝም፤ ይህ እውነት ነው። ደረቅ ጨርቅና ኮፍያ ግን በእጃችን ነው። ከማዋለጃ ክፍል እስከ እኛ ድረስ ያለው ኮሪደርም የሕክምናው አካል ነው፤ ልጁ እዚያ ከቀዘቀዘ እኛ ጋ የሚደርሰው ግማሽ ጉልበቱን ጨርሶ ነው።

ጽሑፉን ካነበብኩ ወዲህ ሕፃን ስቀበል ቀድሜ የማነሳው ቴርሞሜትር ነው። ሲፓፕ ላይ፣ ማለትም በአፍንጫቸው የማያቋርጥ የአየር ግፊት በሚሰጣቸው መሣሪያ ላይ ላሉትም ትኩረቴ ጨምሯል። ትርፉ አየር የሚወጣበት ቱቦ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ገብቶ አረፋው ሲንቦቀቦቅ ግፊቱ ሳንባውን ክፍት አድርጎ እየያዘ ነው፤ አረፋው ካቆመ አፍንጫው ላይ ያለው ተነቅሏል ወይም አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ቶሎ ማየት ነው።

የፕሮፌሰሩ ሥራ በዚህ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት ያወጡት የአዲስ አበባ ጥናት ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ያለባቸው ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ልጅን ፀሐይ አሙቁ የሚለው ምክር ከአጥንት አልፎ ለሳንባም ሊጠቅም እንደሚችል የጠቆሙን እንዲህ ያሉ ሥራዎች ናቸው።

ጥቆማዬ ይኸው። ኢንተርኖች፣ ሬዚደንቶች፣ በተለይ አዋላጅ ነርሶች፣ የ2019ኙን ጽሑፍ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ያለ ክፍያ ይገኛል። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉም ከዚያ ጀምሩ። የሆስፒታል ኃላፊዎች በጀት ስትይዙ የማዋለጃ ክፍል ማሞቂያና የሲፓፕ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ይግቡልን።

ወላጆችና ዘመዶች ደግሞ፣ ሊጠይቁ መጥታችሁ «ገልጠሽ አሳዪን» ስትሉ ነርሷ እምቢ ካለቻችሁ አትቀየሟት። ልጁ ካንጋሮ ሆኖ፣ ማለትም ገላ ለገላ ተጣብቆ፣ እናቱ ደረት ላይ ከተኛ እዚያው ይቆይ፤ ፊቱን ሲጠነክር ታዩታላችሁ።