ቆርቆሮ መክፈቻ ከመግዛትዎ በፊት፦ የትኛው ለየትኛው እጅ?

ጣሳ አልከፈት ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የመክፈቻው አይደለም። አንዱ እጀታውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ሌላዋ አጥብቃ ትይዘዋለች፤ መዘውሩን ስታዞር ግን የአውራ ጣቷ ሥር ያማታል። ሌላው ደግሞ ምንም ያልሆነ ጤነኛ እጅ ይዞ ከደነዘዘ ስለት ጋር ይታገላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት መክፈቻ ቢገዙ ቢያንስ የሁለቱ ገንዘብ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ሳወዳድር በቅድሚያ የማየው ዋጋቸውን ወይም መልካቸውን ሳይሆን ከእጅ የሚጠይቁትን ነው፦ መጨበጥ፣ መጠምዘዝ ወይስ መጫን?

ወግቶ የሚቀድደው

ከሁሉም ታላቁ ይህ ነው። ምግብን በጣሳ ማሸግ በእንግሊዝ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1810 በፒተር ዱራንድ ስም ሲሆን፣ ጣሳ ለመክፈት ተብሎ የተሠራ መሣሪያ የመጣው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው በመሮና በመዶሻ ነበር የሚከፍተው። በ1855 ሮበርት ዬትስ በእንግሊዝ፣ በ1858 ደግሞ ኤዝራ ዋርነር በአሜሪካ ያቀረቧቸው መክፈቻዎች ሁለቱም ክዳኑን ወግተው እጀታውን ከፍ ዝቅ በማድረግ የሚቀድዱ ነበሩ። ዛሬም በርካሽ የሚሸጠው ባለ ምላስ መክፈቻ የእነሱ ዘር ነው።

ጥንካሬው ቀላልነቱ ነው። የሚሰበር ጥርስ፣ የሚላላ ብሎን የለውም። የጣሳው ቅርጽም አያስቸግረውም፤ አራት ማዕዘን ሆነ ሞላላ፣ ጠርዙ ትንሽ የተጨረመተም ቢሆን ይከፍታል። ዞረው የሚቆርጡት መክፈቻዎች ግን ሹል ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የአሜሪካ ጦር በ1942 ለወታደሮቹ ያዘጋጀው ፒ-38 የተባለው ታጣፊ መክፈቻም ከዚሁ ወገን ነው፤ ቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ብረት ነው።

ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሥራው ሁሉ በእጅ አንጓ ላይ ይወድቃል፣ የሚተወው ጠርዝም እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው። እጃቸው ለሚያማቸው ሰዎች አልመክረውም። ግን አንድ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ቦታ አይይዝም፤ ዋናው መክፈቻ እምቢ ያለ ቀን ይፈለጋል።

ባለ መዘውሩ፣ ከላይ የሚቆርጠው

ብዙ ቤት ያለው ይህ ነው። ሁለት እጀታ፣ አንድ መዘውር፣ ሁለት ክብ ብረት አለው። ስለት ያለው ክብ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ክዳኑን ይቆርጣል፣ ጥርስ ያለው ደግሞ ጠርዙን ከሥር ነክሶ ጣሳውን ያዞራል። የሚሽከረከር ስለት በ1870 በዊልያም ላይማን የመጣ ሐሳብ ሲሆን፣ ጥርስ ያለው ሁለተኛው ክብ የተጨመረበት በ1925 ነው። የቤት ሰው እንደልቡ የሚከፍተው መሣሪያ የሆነው ያኔ ይመስለኛል።

ሲገዙ ከሁሉ በፊት መዘውሩን ይዩ። መዘውሩ በእጥፍ ሲሰፋ ጣቶች የሚያወጡት ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። ይህን እያወቁ ብዙ ሻጮች እጀታውን በላስቲክ አሳምረው መዘውሩን የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይተዉታል። እኔ ብሆን የሚያምረውን ትቼ ሰፊ መዘውር ያለውን እገዛለሁ። እጀታው ወፈር ያለ መሆኑም ይጠቅማል፤ ቀጭን እጀታ ሲጨበጥ ጣት ሙሉ በሙሉ መታጠፍ ስላለበት ለታመመ መገጣጠሚያ ይከብዳል።

መክፈቻው እየዞረ ጣሳው ካልዞረ ወይ ጥርሶቹ አልቀዋል፣ ወይ በደረቀ ምግብ ተደፍነዋል። ይህ ስለት ምግቡን ስለሚነካ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ መታጠብና መድረቅ አለበት። ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ መልሶ ይወረውረዋል፤ ከዚያ ዝገት ይይዘዋል፣ ከዝገቱም በላይ ያለፈው ሳምንት ምግብ ወደ ዛሬው ይገባል።

ግራኝ ከሆኑ ጉዳዩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ በቀኝ እጅ እንዲዞሩ የተሠሩ ስለሆኑ ግራኝ ሰው እጆቹን አነባብሮ ይታገላል። በግራ የሚዞሩ አሉና እነሱን መፈለግ ይሻላል።

ከጎን የሚቆርጠው

ይህኛው የሚሠራው ክዳኑ ላይ ሳይሆን ክዳኑና ጣሳው የተጣጠፉበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ክዳኑ ከነጠርዙ እንደ ቆብ ይነሳል። ጠርዙ ከላይ እንደተቆረጠው አይስልም፣ ክዳኑ ምግቡ ውስጥ አይሰምጥም፣ ስለቱም ምግቡን አይነካም። ልጆች ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እጃቸውን በሚከቱበት ቤት፣ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሻጮች የማይነግሩዎት ግን አለ። መጀመሪያ አቀማመጡ ግራ ያጋባል፤ አብዛኛው ሰው እንደለመደው ጎኑን አዙሮ ያስቀምጠውና አይሠራም ብሎ ይጥለዋል። ሲጨርስም ምልክት አይሰጥም። ጨረሰ አልጨረሰ እያሉ ሁለተኛ ዙር መቁረጥ ደግሞ ቀጫጭን የብረት ክር ሊያስቀር ይችላል፤ አንድ ዙርና ትንሽ ጭማሪ ይበቃል። ጠርዙ ስለሚነሳ እስከ አፉ የሞላ ጣሳ በቀላሉ ይፈስሳል። ውኃ ማጥለልም ያስቸግራል፦ ከላይ የተቆረጠ ክዳን ወደ ውስጥ ተጭኖ ውኃውን ያወጣል፣ ከጎን የተቆረጠው ግን ከአፉ ስለሚሰፋ ወደ ውስጥ አይገባም። ክዳኑ መልሶ ይገጥማል ቢሉዎት እውነት ነው፣ አየር አያስገባም ማለት ግን አይደለም። የተረፈውን ምግብ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት።

ከጉልበት አንጻር ከላይ ከሚቆርጠው አይቀልም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይጠጥራል። «የደኅንነት» የሚለው ስሙ የተቆረጠውን ጠርዝ እንጂ የእርስዎን መገጣጠሚያ አይመለከትም።

ባትሪና ኤሌክትሪክ

መጠምዘዝ የሚያምዎት ከሆነ ወይም በአንድ እጅ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ወደዚህ ይምጡ። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ መክፈቻ ጣሳው ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ራሱ ዞሮ ይቆርጣል። መጨበጥ የለ፣ መጠምዘዝ የለ።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ባትሪው መሀል ላይ ቢያልቅ መክፈቻው ከጣሳው እንዴት ይላቀቃል? መልቀቂያ ወይም ወደ ኋላ ማዞሪያ የሌለው ከሆነ ይተዉት። አራት ማዕዘን ጣሳ ላይ አይሠራም፣ ጠርዙ የተጎዳ ጣሳ ላይም ይንሸራተታል። (መጋጠሚያው ላይ በኃይል የተጨረመተ ወይም ያበጠ ጣሳ ግን በምንም መክፈቻ መከፈት የለበትም። ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያስከትለው መርዝ በውስጡ ቢኖር በማሽተት ወይም በመቅመስ ላይለይ ይችላል፤ ቀምሶ ማረጋገጥ የለም።)

ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ትልቁ ኤሌክትሪክ መክፈቻ ጉልበተኛ ነው። ሆኖም ጣሳውን በጠርዙ አንጠልጥሎ ስለሚይዝ ትልልቁን ጣሳ ከሥር በእጅ መደገፍ ያስፈልጋል። ስለቱ ተነቅሎ የማይታጠብ ከሆነ አይግዙት።

ቀለበት ያለው ጣሳ

መክፈቻ አያሻውም ይባላል፤ ጥፍር የሰበረ ሰው ግን ያውቀዋል። ሥራው ሁለት ነው፦ ቀለበቱን ማንሳት፣ ከዚያ መሳብ። ለመጀመሪያው የማንኪያ እጀታ ይበቃል። ለሁለተኛው ቀለበቱን በመንጠቆ ይዞ የሚፈነቅል ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ጣት ለሚያማቸው ዋጋው ያዋጣል። ቀለበቱ ተገንጥሎ ከቀረ ባለ መዘውሩን ከላይ ይሞክሩ። ጣሳውን ገልብጦ መክፈት የሚቻለው ከሥርም የታጠፈ ጠርዝ ሲኖረው ነው። ሥሩ ከጎኑ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራውን ስለቱ የሚነክስበት ቦታ አያገኝም።

የጠርሙስ ክዳን

አፉ ሰፊ የሆነ የምግብ ጠርሙስ የብዙ ሰው እውነተኛ ጠላት ነው፤ ጥፋቱም ክዳኑን በፋብሪካ አጥብቆ ያሰረው ሰው አይደለም። ሲታሸግ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሳሳ የውጭው አየር ክዳኑን ይጫነዋል። የአየር ግፊት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን 38 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የውስጡ ግፊት ግማሽ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ክዳኑ ላይ 19 ኪሎ ተቀምጧል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሸጡት መሣሪያዎች ሁለት መንገድ ይከተላሉ። አንደኛው መንገድ መጨበጥን ያግዛል፦ የላስቲክ ምንጣፍ፣ ክዳኑን የሚያንቅ ቀበቶ፣ ከቁም ሣጥን ሥር በብሎን የሚታሰር ጥርስ ያለው ማዕዘን። ሁለተኛው ክዳኑን ከጠርዙ ትንሽ ፈንቅሎ አየር የሚያስገባ ነው። «ጧ» ካለ በኋላ ክዳኑ በሁለት ጣት ይዞራል።

እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከጉልበት ጋር ከመታገል ይልቅ ምክንያቱን ያስወግዳል። የሚሠራው ግን ለብረት ክዳን ብቻ ነው፤ አለቅጥ ከፈነቀሉት ክዳኑ ስለሚጣመም ጠርሙሱን ደግመው ለመጠቀም ካሰቡ ቀስ ይበሉ። ለፕላስቲክ ክዳን ቀበቶው ይሻላል። ከቁም ሣጥን ሥር የሚታሰረው በሁለት እጅ ጠርሙሱን ይዞ ለማዞር ስለሚያስችል እጁ ለደከመ ሰው ጥሩ ነው፤ አንዴ ለመግጠም ግን ብሎን የሚያስር ሰው ያስፈልጋል።

መሣሪያ ከሌለ ክዳኑን ብቻ ሙቅ ውኃ ማስነካት ይረዳል፣ ብረት ከብርጭቆ የበለጠ ስለሚለጠጥ። የጠርሙሱን ሥር መምታት ግን ብርጭቆ ሊፈነጥቅ ይችላል።

ጠንካራ ፕላስቲክ

እዚህ ላይ ብዙ የሚወዳደር የለም። አጭርና ወፍራም አፍ ያለው የወጥ ቤት መቀስ ይግዙ፣ ቢላዋውን ይተዉ። ቢላዋ ፕላስቲክ ላይ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በያዘው እጅ ላይ ነው።

እኔ ብገዛ

እጄ ጤነኛ ከሆነ፦ ሰፊ መዘውር ያለው ከላይ ቆራጭና የጠርሙስ መፈንቀያ። ልጆች ካሉ ከላይ ቆራጩን በጎን ቆራጭ እቀይራለሁ። መጠምዘዝ የሚያመኝ ከሆነ፦ መልቀቂያ ያለው ባለ ባትሪ፣ የቀለበት መንጠቆና መፈንቀያው። ጣሳውን፣ ጠርሙሱን፣ ቆርኪውንና ቀለበቱን ሁሉ በአንድ እጀታ እከፍታለሁ የሚለውን አልነካውም፤ ለሁሉም የሚሆን እጀታ ለአንዱም በቂ ርዝመት አይኖረውም።

ሱቅ ውስጥ ቆመው መዘውሩን ባዶውን ያዙሩት። ክቦቹ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዙ ከሆነ፣ ወይም እጀታዎቹ ሲጨበጡ ጣት የሚቆነጥጡ ከሆነ፣ ቦታው ይመልሱት።