«ጋሼ ጋ»፦ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለችው የመጽሐፍ ኪራይ ቤት

ታፔላ የላትም። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የባጃጅ ጎማ የሚጠግን ልጅ ከሚቀመጥበት በር ቀጥላ ያለች አንድ ክፍል ናት። ልጆቹ «ጋሼ ጋ» ይሏታል፤ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፣ ሌላ ስም አላስፈለጋትም። የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የምትገኘው እዚያ ነው። እኔ ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። መጽሐፍ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ጀርባው በክር ተሰፍቶ ይሁን በሙጫ ብቻ ተይዞ ነው። የምጽፈውም እንደ አክስትም እንደ ጠራዥም ሆኜ ነው።

ኪራዩ ለሳምንት 20 ብር፣ መያዣው 200 ብር ነው። መጻሕፍቱ አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው፤ ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገቡ፣ ከተማሪ የተገዙ፣ በስጦታ የመጡ። ከአራቱ መደርደሪያ ሁለቱ ለወጣቶች የተጻፉ የእንግሊዝኛ ፋንታሲ ልቦለዶች ናቸው፦ አስማት የሚማሩ ልጆች፣ የጠፋ ዘውድ፣ የሚናገር ጫካ፣ ዘንዶ። በአማርኛ የተጻፈ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፣ ያሳዝናል።

ገና ስገባ ደስ ያለኝ አደራደራቸው ነው። መጻሕፍቱ ጀርባቸውን ለደንበኛ ሰጥተው አልተጠቀጠቁም፤ ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው ቆመዋል። ቦታ ይፈጃል፣ ግን ልክ ናቸው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የደራሲ ስም እየፈለገች አይደለም መደርደሪያ የምትዞረው። ቆሜ ሳይ አንዲት ልጅ ሦስት ጊዜ እጇን ዘርግታ ሦስት ጊዜ መለሰች፤ በመጨረሻ ያነሳችው ጥቁር ሰማያዊ ላይ የወርቅ ፊደል ያለበትን ነው። ከመክፈቷ በፊት ፊደሉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

ያንን መጽሐፍ ስትመልሰው ለእህቴ ልጅ ተከራየሁላት፣ ማታ ማታ ደግሞ እኔ አየሁት። ሽፋኑ ላይ ቆብ ያለው ካባ የደረበች ልጅ አለች። ግማሽ ፊቷ ጥላ ውስጥ ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይኗና የከንፈሯ ጫፍ ብቻ ነው። ከኋላዋ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ ጨረቃ። ፊደሉ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ታትሞ ወርቅማ ፎይል ተለብጧል። ስንት እጅ እንደዳሰሰው እንጃ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ወርቃቸው ለቆ ነጩ ካርቶን ወጥቷል። ላሚኔሽኑ፣ ሽፋኑን የለበጠው ስስ ፕላስቲክ ማለቴ ነው፣ ማት (የማያብረቀርቅ) ነው፤ ማት ሲያዩት ያምራል፣ የሚያልብ ጣት ግን አይችልም። ጀርባው ሦስት ቦታ ተሰብሯል። መጽሐፍ ጀርባው የሚሰበረው ሰው ከፍቶ በደፋው ቦታ ነውና ሦስቱንም ስብራት ከፍቼ አየሁ። ሦስቱም ልጅቷና ወንድሟ የሚጣሉበት ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ከእኛ በፊት የወሰዱት ልጆች የት ቦታ መጽሐፉን ደፍተው ጣሪያ ጣሪያ እንዳዩ ከዚያ አወቅኩ።

የእህቴ ልጅ ግን ገና ሳትከፍተው «አክስቴ፣ ይቺ ልጅ ክፉ ናት እንዴ?» አለችኝ።

«ምነው?»

«አንድ ዓይን ብቻ ነዋ ያላት።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባለፈው ዓመት ከጥምቀት ማግስት በጀልባ ዘጌ ወስጃት ነበር፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። የመቅደሱ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ያስጎበኘን ሰው አሣሣሉን ነገራት፤ ጻድቃኑ ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ትልልቅ ሆኖ ያይሻል፤ አጋንንትና አሳዳጆች ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ልጅቷ ይህን ይዛ ተመልሳለች። እናም መጽሐፉን እስከ ስልሳኛው ገጽ ድረስ «ወንድሟን መቼ ነው አሳልፋ የምትሰጠው?» እያለች አነበበችው። የመጽሐፉ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ውሸት አትናገርም።

ሽፋኑን የሠራው ሰው ግማሽ ፊቷን ጥላ ያለበሰው ምስጢር ያላት እንድትመስል ነው፣ በእሱ አገር አሣሣል ልክ ይሆናል። እኔን ያስከፋኝ መብዛቱ ነው። ሁለቱን መደርደሪያ ቆጠርኩ፤ ፊታቸውን ካዞሩት 38 መጻሕፍት 14ቱ ላይ ያለው ሰው ፊቱ በቆብ ተሸፍኗል፣ ወይ ከአገጩ በላይ ተቆርጧል፣ ወይ ጀርባውን ሰጥቷል። ልጅ አብሮት ሦስት መቶ ገጽ የሚሄደውን ሰው ፊት ማየት ይፈልጋል።

ሌላው የመልክ ነገር ነው፤ ይህን ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው፣ ኧርዝሲ በተባለው ተከታታይ ፋንታሲዋ የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ጠንቋይነት የሚማረው ጌድ ቆዳው ቀይ ቡናማ ነው። ከዚያ ወዲህ በወጡ ብዙ ሽፋኖች ላይ ግን ነጭ ሆኖ ተሥሏል፤ ደራሲዋ ራሷ ይህን ለዓመታት በአደባባይ ተቃውማለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ አሳታሚ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላትን የፋንታሲ ባለታሪክ ሽፋን ላይ ነጭ አድርጎ አወጣት፤ አንባቢ ሲጮህበት ሽፋኑን ለወጠ። የጮኸው ያነበበ ሰው ነው፣ ያላነበበ በምን ያውቃል? እዚህች ክፍል ውስጥ የናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ የቶሚ አዴየሚ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው መጽሐፍ አንድ ቅጂ አለ። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ልጅ ናት፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ዓይኖቿ ቀጥታ ወደሚያያት ሰው። እሱን መደርደሪያ ላይ አላገኘሁትም፣ ጋሼ ወረፋ የያዙትን ስም የጻፉበትን ብጣሽ ወረቀት ነው ያሳዩኝ። ሰባት ስም።

እንዲሁም የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ባለ ቀለም የልጆች ሽፋን ያለው፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአዋቂዎች ተብሎ በጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶ የወጣው። ውስጡ ቃል በቃል ያው ነው። ባቡሩን የሚወስዱት መምህራንና የባንክ ሠራተኞች ናቸው አሉኝ ጋሼ፤ ልጆቹ አንድም ቀን አልነኩትም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ፤ የዚህች ቤት ሀብት እሱ ነው። በሩ አጠገብ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አለ። መጽሐፍ የመለሰ ልጅ ሁለት ነገር ይጽፋል፦ ምን እንደተሰማውና ሽፋኑ ከውስጡ ጋር ይስማማ እንደሆነ። መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው። ግማሽ ሰዓት ቆሜ አነበብኩት። አንዱ፣ «ዘንዶው ሽፋኑ ላይ ትልቅ ነው፤ ውስጥ የሚመጣው ገጽ 301 ላይ ነው፣ ያውም ታሞ» ብሏል። ሌላዋ፣ «ሽፋኑ ሮዝ ስለሆነ ወንድሜ የሴት ነው ብሎ እምቢ አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ አሁን ሁለተኛውን አምጪ ይለኛል» ብላለች። አንድ ልጅ ደግሞ ባልተስተካከለ ጽሑፍ፣ «አበባ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። እኔ አልቅሻለሁ» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። እነዚህን ጽሑፎች ሽፋን የሚሠራ ሰው ሁሉ ባነበባቸው እላለሁ፣ የእኛን ማተሚያ ቤት ዲዛይነሮች ጨምሮ።

ቆሜ ሳነብ አንዲት እናት መጽሐፍ በፌስታል ይዘው ገቡ። «ጋሼ፣ ዘንዶ ያለበት መጽሐፍ ቤቴ አይገባም። ልጁ ሌሊት ይቃዣል» አሉ። ጋሼ አልተከራከሯቸውም። ወንበር ሰጥተው፣ ቀስ ብለው፣ «እዚህ ጊዮርጊስ ፈረሱ እግር ሥር ያለውስ ምንድን ነው እመቤት?» አሏቸው። «እሱማ ተወግቷል» አሉ ሴትዮዋ። «ይኸኛውም ይወጋል፤ ልጅዎ ገና አልደረሰበትም።» ሴትዮዋ ዝም ብለው ሽፋኑን ትንሽ አዩት። ከዚያ ጋሼ ከመሳቢያ ካኪ ወረቀት አውጥተው፣ እንደ ተማሪ ደብተር አጥፈው ለበዱላቸውና ይዘውት ሄዱ። የድሮዎቹ የብራና መጻሕፍትም እኮ እንደዚያ ናቸው፤ ውጪው እንጨትና ቆዳ ነው፣ ቢበዛ መስቀል የታተመበት፣ ሥዕሉ ያለው ውስጥ ነው። ከፍቶ የደረሰ ያየዋል።

ያልወደድኩትንም ልናገር። የተቀደደ ሽፋን በስኮች ይለጥፋሉ፤ ስኮች በዓመቱ ቢጫ ይሆንና ሙጫው ከነቀለሙ ይዞት ይነሳል። በቀጭን ወረቀትና በስታርች ከውስጥ በኩል ቢያያዝ ይበልጣል፤ ነግሬያቸዋለሁ። ክፍሏ መስኮቷ አንድ ነው፣ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ክረምት ሲመጣ የታችኛው መደርደሪያ ሻጋታ ያነሳል። ላሚኔሽኑ ከዳር እየተላጠ የተጠቀለለው በዚህ ነው። መያዣው 200 ብር ለብዙ ልጅ ከባድ ነው፤ ሁለት ልጆች በአንድ መያዣ እንዲወስዱ ቢፈቅዱ ጥሩ ነበር። ወደ አሥር የሚሆኑት ደግሞ ኮፒ ናቸው፤ ሽፋናቸው ግራጫ ሆኖ የልጅቷን ዓይን ከጨረቃው መለየት አይቻልም። ቢያንስ ገጻቸው ሙሉ ነው፤ ጋሼ ቆጥረው ነው የሚገዙ። ከዚህ ቀደም ከሌላ ቦታ የገዛሁት ኮፒ ከገጽ 176 ዘልሎ 193 ነበር። 16 ገጽ፣ አንድ እጥፍ ሙሉ። የእህቴ ልጅ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ሽፋናቸው ጨርሶ ጠፍቶ የሚመጡ መጻሕፍት አሉ። ጋሼ ለእነሱ ያወጡት ደንብ አለ፤ ሽፋኑን የሚሥለው መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ልጅ ብቻ ነው። እስካሁን ዘጠኝ ተሠርተዋል፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። አንዱን አውርጄ ብዙ ቆየሁበት። ታሪኩ ባሕር አቋርጣ የምትሄድ ልጅ ነው፤ መጽሐፉ ሦስት ሸራ ያላት መርከብ ይላል። ልጁ የሣላት ግን በደንገል ታንኳ ላይ ቆማ ነው። የታንኳው ሁለት ጫፍ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ የደንገሉ እስር እስሩ ሳይቀር አንድ በአንድ በቡናማ እርሳስ ተሰምሯል። ውኃው ሰማያዊ አይደለም፤ በክረምት ጎርፍ ሲገባበት የምናውቀው ቡናማው ጣና ነው። ልጅቷ መቅዘፊያዋን ይዛ ቀጥታ ታየናለች፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች። የእንግሊዝኛው ርዕስ ሥር በአማርኛ ተርጉሞ ጽፎታል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ቦታ አንሷት ወደ ታች ወርዳለች።

መርከብ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ያ ሽፋን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ልጅቷ ብቻዋን እንደሆነችና እንዳልፈራች ያውቃል፤ ያንን የሚያውቀው የጨረሰ ሰው ነው። ደብተሩ ላይ ከሥሩ ሦስት ልጆች «ይስማማል» ብለው ጽፈዋል። አንድ ብቻ፣ «ሸራው የት ሄደ?» ብሏል።

ጉድለቱ ወረቀቱ ነው። የተሣለው በሥዕል ደብተር ወረቀት ነው፤ ሦስት ኪራይ አይዘልቅም። አለቃዬን አስፈቅጄ ከማሽን የሚተርፈንን ባለ 250 ግራም ካርቶን ቁራጭ በየወሩ እወስድላቸዋለሁ፤ ባለ ታንኳዋንም መጽሐፍ ወደ ቤት ወስጄ በክር ሰፍቼ፣ ላሚኔት አድርጌ መልሻታለሁ።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው። ቅዳሜ ልጅ ይበዛል፤ ተረጋግቶ መምረጥ የፈለገ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ቢሄድ ይሻለዋል። ደብተሩን ሳታነቡ እንዳትወጡ።

የእህቴ ልጅ ያችን ባለ ካባዋን ልጅ በሁለት ዓይን ልትሥላት ፈልጋ ጋሼን ጠየቀቻቸው። «ሽፋን አላት እኮ። እስኪቀደድ ጠብቂ» አሏት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ የምታደርገው ያንን መጽሐፍ አንስታ ጀርባውን ማየት ነው። እኔም አይቼዋለሁ፤ ሙጫው ደርቋል፣ ከዚህ ክረምት አያልፍም። ካርቶኑን በልኩ ቆርጬ አስቀምጬላታለሁ።