አንድ መስመር የማይጽፉላችሁ መምህር

ጎንደር ውስጥ የመመረቂያ ጽሁፍ የያዘ ልጅ ወይም እህት ወንድም ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ታናሽ እህቴን ያስተማሩልኝን ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ላመሰግን ነው። ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም።

እህቴ ሊትሬቸር ሪቪው (ከዚህ በፊት የተጻፉ ጥናቶች የሚቃኙበት ክፍል) ላይ ተቸንክራ ነበር። አማካሪዋ «ይሄ ኮፒ ነው» ብለው መለሱላት። እሷ ደግሞ «ቃላቱን እኮ ቀይሬያለሁ!» ባይ ናት። መምህሩ ከራሳችን ከተማ ምሳሌ አመጡላት፦ «አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቱ በአብዛኛው በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር።»

እህቴ በለመደችው መንገድ ጻፈች፦ «ንጉሥ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስኪመሠርቱ ድረስ ንጉሦቹ በብዛት በድንኳን ከሥፍራ ሥፍራ ይንቀሳቀሱ ነበር።» ሳቁባት። «ሰውየው ያው ነው፤ ልብሱን ነው የቀየርሽለት።» ከዚያ ወረቀቱን እንዳታየው አስደፏትና «በይ አሁን ንገሪኝ» አሏት። ተናገረች፣ ቀጥላ ጻፈችው፦ «ብዙውን ጊዜ በድንኳን ሲዞር የኖረው ቤተ መንግሥት የረጋው እ.ኤ.አ. በ1636፣ ጎንደር ስትቆረቆር ነው።»

«ጨረስኩ?» አለች።

«ከማን እንዳገኘሽው መች ነገርሽኝ?»

አነጋገሩ የእሷ ቢሆንም ሀሳቡ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ደንብ የጸሐፊው ስምና ጽሁፉ የታተመበት ዓመት ይገባል። ቃል በቃል ከወሰደች ትምህርተ ጥቅስና ገጽ ይጨመራል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ ምንጩን መደበቅም ያው ኩረጃ ነው። ይሄኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይመስለኛል።

ጽሁፍ ከሌሎች ጽሁፎች ጋር መመሳሰሉን በፐርሰንት የሚያሳየውን ሶፍትዌር፣ ተርኒቲንንም አስረዷት። ተማሪው ሁሉ ፐርሰንቱን ይፈራል፤ እሳቸው ግን ሪፖርቱን አስከፍተው ቀለም የተቀባውን አንድ በአንድ ያስነብባሉ። ሶፍትዌሩ የሚያሳየው መመሳሰልን ነው። በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስ ቁጥሩን ሊያሳድገው ይችላል፤ ቁጥሩ ያነሰ ጽሁፍም የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

«ሪሰርች ሠርተን እናስረክባለን» የሚሉ በሞሉበት ዘመን እሳቸው አንድ መስመር አይጽፉላችሁም። አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ የምከፍለው ለምንድን ነው?» ብሎ ተመልሷል። የራሱ ጉዳይ።

ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ማራኪ አካባቢ ያስተምራሉ። ስትሄዱ የጻፋችሁትንም ያነበባችሁትንም ያዙ፤ ባዶ እጁን የመጣን ይመልሳሉ። ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፈቅደውልኛል።

መምህር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!