የበር ሴንሰሩ ለምን ይጠፋል?

እነዚህን በዚግቢ (ስማርት የቤት ዕቃዎች ያለ ገመድ የሚነጋገሩበት ዘዴ) የሚሠሩ የበር ሴንሰሮች እወዳቸዋለሁ። ትንንሽ ናቸው፣ ባትሪያቸው ይበረክታል፣ በር ሲከፈት ወዲያው ስልኬ ላይ ይነግሩኛል። የጓሮ በሩ ሴንሰር ግን በየጊዜው «ኦፍላይን» እያለ አስቸገረኝ።

ባትሪ ቀየርኩ። ለውጥ የለም። ዋናው ጣጣ የተገኘው ሴንሰሮቹን ከስልኬ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን፣ ሀቡ ጋ ነው፤ ከዋይፋይ ራውተሩ አጠገብ ነበር። ዚግቢም ሆነ አብዛኛው የቤት ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራሉ፤ የዋይፋዩ ጉልበት ደግሞ ይበልጣል። ሴንሰሩ ገበያ መሃል የሚያንሾካሹክ ሰው ይሆናል። ሀቡንና ራውተሩን አራራቅኳቸው። እንዳይደራረቡም ዋይፋዩን ቻናል (የሞገዱ መስመር) 1 ላይ አድርጌ ዚግቢውን ወደ ራሱ ቻናል 25 ወሰድኩት። ቻናል ሲቀየር አንዳንድ ሴንሰሮች እንደ አዲስ መገናኘት ይፈልጋሉ፤ ትዕግሥት ያዙ። በሀብ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ የዚግቢ ዩኤስቢ ዶንግል የምትሠሩ ደግሞ ዶንግሉን በማራዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩ አርቁት። የዩኤስቢ 3.0 ወደብ ራሱ በዚሁ ሞገድ ላይ ይረብሻል።

ሌላም አለ። በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር የሌላውን መልእክት አያስተላልፍም። ሶኬት ላይ የሚሰካ የዚግቢ ስማርት ፕለግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስተላልፋል። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰካሁና ሴንሰሩን በሩ ላይ እንዳለ እንደገና አገናኘሁት። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

ቅሬታዬ መመሪያው ላይ ነው። «ባትሪ ይቀይሩ» ብሎ ያበቃል። ስለ ቻናል አንድ ቃል የለም፤ አፑም የሲግናሉን ጥንካሬ አያሳይም። ይሄ ገዢውን በከንቱ ያደክማል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። ቤታችሁ ሰፊ ከሆነ ፕለጉን አብራችሁ ግዙ።