ራም ልታስጨምሩ መገናኛ የምትሄዱ፣ ይሄን ሳታነቡ አትሂዱ

ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ከበረደልኝ እንደ ሌላው ጊዜ «እግዜር ይይለት» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ።

የትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ ነው የምሠራው፣ እቤቴ ሆኜ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፣ 6ኛ ጀነሬሽን፣ ሁለት ባለ 4 ጂቢ ራም (ማሽኑ የከፈትነውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ነበረው። ኤክሴሉና የሒሳብ ፕሮግራሙ አንድ ላይ ሲከፈቱ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ወንድሜ «ራም ጨምሪበት፣ ሌላ ምንም አልሆነም» አለኝ። እሱ ልክ ነበር።

መገናኛ ያሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ፣ አንዱ ክፍል ለአራት የተሸነሸነ፣ መስታወቱ ውስጥ ቻርጀርና ፍላሽ የተደረደረበት፣ ከኋላ መጋረጃ ያለው። ገና ደረጃውን ሳትጨርሱ «ምን ነበር እህቴ? ጥገና ነው?» እያሉ የሚጎትቷችሁ ልጆች አሉ። እኔም «የኔ እናት ግቢ፣ ባትገዢም ጠይቂ» ያለኝ ልጅ ጋ ገባሁ። ኬዙን በኮንትራት ታክሲ ይዤው ነበር የሄድኩት።

ከፍቶ አየው። «ባለ 8 ሁለት አደርግልሻለሁ፣ 16 ይሆንልሻል፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። አንዱ 4,000 ብር። የድሮዎቹን ትቼለት ከሄድኩ ከ8,000ው ላይ 2,000 ይቀንስልኛል። ደረሰኝ ስጠይቀው የለመድናትን አለኝ፤ በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል፣ «ለምን ብርሽን ታባክኛለሽ፣ እኔ ዋራንቲ አለሁልሽ አይደል»። ዋራንቲ ያለው ራሙ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ስቲከር ነው። የሱቁ ማህተም አለበት፣ ቀን በእስክሪፕቶ ይጻፍበታል። «ይሄ ስቲከር እስካልተነሳ ድረስ 6 ወር አታስቢ» አለኝ። 6,000 ብሩን በስልኬ ወደ ግል አካውንቱ ላክሁለት።

ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስሰበስብ የምውል ሴት ነኝ እኮ። ደንበኞቼን «ያለ ደረሰኝ ምንም ነገር አትግዙ» እያልኩ የምቆጣ። ይሄን ስጽፈው ፊቴ በእፍረት ይግላል።

ደግሞ መብራት አልነበረም። ራሞቹን ሰካቸው፣ የድሮዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው፣ «እቤት ስትደርሺ ማብራት ብቻ ነው» ብሎ ኬዙን ዘጋልኝ። ሳይሞከር ወሰድኩት። ታች ካፌ ቁጭ ብዬ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ እችል ነበር። ቢያንስ የድሮዎቹን «መጀመሪያ ልሞክረውና ነገ አመጣልሃለሁ» ማለት እችል ነበር። ሁለቱንም አላደረግሁም፤ ልጁ በጣም ትሁት ስለነበር እንዳላመንኩት ማሳየት ከበደኝ።

እቤት ስሰካው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ማብሪያው ላይ ያለችው መብራት ብርቱካናማ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ወንድሜ በስልክ እየመራኝ ያላደረግሁት ነገር የለም። ራሞቹን ነቅዬ ወርቃማ ፒኖቹን በላጲስ ጠረግኋቸው። ከሁለቱም በኩል ቀጭ እስኪል ተጭኜ መለስኩ። አንዱን ብቻ ሰክቼ ሞከርኩ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ አራቱንም ስሎት አዳረስኩ። ማዘርቦርዱ (ሁሉ ነገር የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥቼ ትንሽ ቆይቼ መለስኳት። ምንም ለውጥ የለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ወለል ላይ ተቀምጬ፣ የሦስት ደንበኞች የወር የቫት ሪፖርት ውስጡ ተቆልፎብኝ።

በማግስቱ ራሞቹን ብቻ በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ እንደማያውቀኝ ሆነ። «ትናንት የወሰድኩት ራም አልነሳም አለ» አልኩት። ምንም ሳይመልስ አንዱን አነሳው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ስቲከሩን ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያለ ላጠው። ፊት ለፊቱ ቆሜ እያየሁት። ከስር የሚያነበው ነገር ኖሮ መስሎኝ ዝም አልኩ። ሁለተኛውንም ላጠ። ሁለቱን ስቲከሮች በጣቶቹ መሃል አሽቶ አሽቶ እንደ ሽምብራ ፍሬ አድርጎ ወለሉ ላይ ጣላቸው። ከዚያ ራሞቹን ወደ እኔ ገፋቸውና ዓይኔን እያየ «ይሄ የኛ አይደለም» አለኝ።

«ወንድሜ፣ አሁን እኮ ነው ስቲከሩን የላጥከው!»

«የምን ስቲከር? ሴትዮ፣ ሥራ አታስፈቺን።»

ትናንት የኔ እናት ነበርኩ። አጠገቡ ያለው ልጅ ስልኩን እየነካካ ሳቀ። ጎንበስ ብዬ የተጣሉትን ስቲከሮች ፈለግሁ፤ አቧራው ውስጥ አንዷን አገኘኋት፣ ተጣብቃ አልፈታ አለች። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። እስካሁን የሚያመኝ እሱ ነው፣ ያ ወለል ላይ ያጎነበስኩበት ሰዓት።

ጩኸቴን ሲሰማ ከመጋረጃው ኋላ ትልቁ ሰውዬ ወጣ። «በመብራት መዋዠቅ ማዘርቦርድሽ ተቃጥሏል፣ ራሙንም ያቃጠለው እሱ ነው፣ በ11,000 እንቀይርልሽ» አለ። ኬዙ እኮ እቤቴ ነው ያለው! ያላየውን ማዘርቦርድ ነው ተቃጥሏል ያለኝ። የድሮ ራሞቼን መልሱልኝ ስላቸው «ተሽጠዋል» አሉ። በአንድ ቀን።

እውነት ተቃጥሎ ይሆን እያልኩ ማታ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራሁት፣ አንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ነው። ራሙን ገና በእጁ ሲይዘው «ይሄ የሰርቨር ነው» አለኝ፤ የድርጅቶች ትልቅ ኮምፒውተር ማለቱ ነው። ስቲከሩ የነበረበትን ቦታ አሳየኝ። ጽሑፉ ፒሲ4-2400ቲ ይልና ቀጥሎ ካለው ሰረዝ በኋላ አር የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ለዴስክቶፕ የሚሆነው እዚያ ቦታ ላይ ዩ ነው ያለበት። ስቲከሩ የተለጠፈው ልክ እሷ ፊደል ላይ ነበር። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት ሲሆን የሰርቨሩም የዴስክቶፑም 288 ፒን ናቸው፣ መሃል ያለው ስንጥቅም እኩል ቦታ ነው፣ ስለዚህ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ግን ተራ ዴስክቶፕ አያነበውም። መሃሉ ላይም ከሌሎቹ የተለየች አንዲት ተጨማሪ ቺፕ አለችው። ከአሮጌ ሰርቨር ላይ እየተነቀለ በርካሽ የሚመጣ ነው፤ ሥራው ያ የሆነ ሰው ሳያውቅ ሊሸጠው አይችልም።

ከዚያ ልጁ የራሱን ባለ 4 ጂቢ ራም ሰካልኝ። ማሽኑ ወዲያው ተነሳ። ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም፣ ፋይሎቼም አሉ። አለቀስኩ፣ ከደስታ ይሁን ከንዴት አላውቅም። 11,000 ብሩን ከፍዬ ቢሆንስ? ስንቷ ከፍላ ይሆን?

እናንተ እንኳን ሳይሞከርላችሁ እንዳትወስዱ። ስክሪን ላይ ተነስቶ 16 ጂቢ ብሎ ስታዩት ብቻ ክፈሉ። ጽሑፉ ላይ ስቲከር ሊለጥፉ ሲሉ መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የድሮውን ራም አትተዉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ባለ 4 ወይም ባለ 8 ጂቢ ዲዲአር4 የዴስክቶፕ ራም፣ ዩ ያለበት፣ የሚሸጥ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የተዋስኩትን ሰኞ መመለስ አለብኝ።