ማስጠንቀቂያ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች፦ ኃይል ሲቋረጥ የኋላው በር በምን ይከፈታል?

የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ሁሉ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ለሻጩ አንድ ጥያቄ እንድታቀርቡ አሳስባለሁ። ጥያቄው «የመኪናው ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው በሩን በምን ይከፍታል?» የሚል ነው። እኔ ያገለገለ መኪና ስገዛ ይህን አልጠየቅሁም፤ ሻጩም አልነገረኝም። ከበሩ ገጽ ጋር እኩል ሆኖ የሚቀመጠውና ቁልፉን ይዘው ሲጠጉ ብቅ የሚለው እጀታ እንዴት እንደሚያምር ግን ሦስት ጊዜ ያህል አሳይቶኛል።

ጉድለቱን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። መኪናውን አቁመን፣ እኔ ከፊት እናቴ ከኋላ ተቀምጠን ሰው ስንጠብቅ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ድንገት ሞተ። እኔ በፊተኛው በር ላይ ያለውን የእጅ መክፈቻ ስቤ ወጣሁ፤ የኋላውን በር ግን ከውስጥም ሆነ ከውጭ መክፈት አልተቻለም፤ መስታወቱም አልወርድ አለ። የአጠቃቀም መመሪያውን ለማየት ብሞክር፣ መመሪያው የተጫነው በመኪናው ስክሪን ውስጥ ስለነበር ከስክሪኑ ጋር አብሮ ጠፍቷል። እናቴ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል እየተሳበች ወጣች። ግጭት አልነበረም፤ ጭስ አልነበረም፤ የሚያጣድፈን ነገርም አልነበረም። ወደ ሻጩ ተመልሼ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «መመሪያው ላይ ተጽፏል» የሚል ነበር። በኋላ ሳነበው እውነትም ተጽፏል፤ በእጅ የሚከፈቱት የፊት በሮች ብቻ እንደሆኑ በአንዲት መስመር ሰፍሯል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባን መኪና መምረጥ ስለማይቻል ጥቂት ላብራራ። በተለመደው መኪና የበሩ እጀታ በሩን ቆልፎ ከሚይዘው ማያያዣ ጋር በብረት ዘንግ ወይም በሽቦ ገመድ የተገናኘ ስለሆነ፣ ማያያዣውን የሚያላቅቀው የእጃችን ጉልበት ነው። በእነዚህ አዳዲስ መኪኖች ግን እጀታው ወይም ቁልፉ ከመብራት ማብሪያ የማይለይ ነው፤ ስንነካው ለመኪናው ኮምፒውተር መልእክት ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በበሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሞተር ያዛል፣ ሞተሯም ማያያዣውን ትለቃለች። ይህ ሁሉ የሚሠራው መኪናውን በሚያንቀሳቅሰው ትልቅ ባትሪ ሳይሆን በአብዛኛው በዚያው በትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው።

በግጭት ጊዜ ታዲያ ኃይል የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ይደራረባሉ። የአደጋ ጊዜ መቆጣጠሪያው ግጭቱን እንደተረዳ የትልቁን ባትሪ መስመር ይቆርጣል፤ ተሳፋሪውንና አዳኙን ከከፍተኛ ቮልቴጅ ለመጠበቅ ስለሆነ ይህ መሆን ያለበት ነው። ነገር ግን ትንሹን ባትሪ ሲመግብ የቆየው ትልቁ ባትሪ ስለነበር ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ትንሹ ብቻውን ይቀራል። እርሱም በኮፈኑ ሥር ተቀምጦ ከተጨፈለቀ ወይም ገመዱ ከተቆረጠ በሮቹን የሚከፍት ኃይል አይኖርም። በውጭ በኩል ደግሞ ብቅ የሚለው እጀታ ወደ ውስጥ እንደገባ ስለሚቀር፣ ለመርዳት የሮጠው መንገደኛ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና ይበልጥ በእሳት ይያያዛል ማለቴ አይደለም። ባትሪው ከተቀጣጠለ ግን እሳቱ ፈጣን፣ ጭሱም መርዛማ ስለሆነ በሩ የሚከፈትበት ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ይሆናል።

ችግሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት አንድ አረጋዊ የ2007 ሥሪት በሆነች ኮርቬት በተባለች የቤንዚን መኪና ውስጥ፣ የባትሪው ኃይል በመቋረጡ በሩን መክፈት ተስኗቸው ከውሻቸው ጋር በሙቀት ሞተዋል። በእጅ የሚሳበው መክፈቻ ወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ነበር። መክፈቻ መኖሩ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም፤ የት እንዳለ ያልታወቀ መክፈቻ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የኋላው ወንበር ነው። አንዳንድ አምራቾች ለሾፌሩና ለጋቢና ተሳፋሪ በእጅ የሚሠራ መክፈቻ በሚታይ ቦታ ያስቀምጣሉ፤ የኋላውን ግን ወይ ይደብቁታል ወይ ጭራሽ አይሠሩለትም። በመጀመሪያዎቹ የቴስላ ሞዴል 3 መኪኖች የኋላ በሮች በእጅ የሚከፈቱበት መንገድ አልነበራቸውም። በሞዴል ዋይ መክፈቻው ካለም በበሩ ኪስ ሥር ያለውን ምንጣፍ አንስቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ገመድ መሳብ ያስፈልጋል። በሞዴል ኤክስ ደግሞ ወደ ላይ ለሚከፈቱት በሮች የድምፅ ማጉያውን ሽፋን ነቅሎ ገመዱን መፈለግ ግድ ይላል። ከኋላ የሚቀመጡት ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ እንግዶችና የኮንትራት ተሳፋሪዎች መሆናቸውን አስቡ፤ መመሪያውን ያላነበቡትና የማያነቡት በትክክል እነርሱ ናቸው። በጭስ ውስጥ ሆኖ የድምፅ ማጉያ ሽፋን የሚነቅል ሕፃን ማን አይቷል?

ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም ጉዳዩን ማየት ጀምረዋል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በ174,000 ገደማ የ2021 ሥሪት ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፍቷል። አቤቱታዎቹ በአብዛኛው የወላጆች ናቸው፤ ከመኪናው ወርደው ልጃቸውን ከኋላ ለማውጣት ወይም ለማስገባት ሲሉ የውጭው እጀታ አልሠራ ብሏቸው፣ አንዳንዶቹም መስታወት እስከ መስበር ደርሰዋል። ፎርድም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ወደ 197,000 የሚጠጉ ማስታንግ ማክ-ኢ መኪኖችን ለማስተካከያ ጠርቷል፤ ምክንያቱም ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም ሾፌሩ ወርዶ በሩን ከዘጋ በኋላ በሮቹ ተቆልፈው ሊቀሩ፣ ከኋላ ያለ ሕፃንም ውስጥ ሊቀር ይችል ስለነበር ነው። ቻይና በቼንግዱ ከተማ በጥቅምት 2025 በደረሰው የሻዎሚ ኤስዩ7 መኪና ቃጠሎ፣ መንገደኞች በሩን ለመክፈት ሲታገሉ የሚታይበት ምስል ከተሰራጨ በኋላ ክርክሩ ጠንክሮ፣ እያንዳንዱ የጎን በር ከውስጥም ከውጭም በሜካኒካል መንገድ እንዲከፈት የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። ደንቡ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከጥር 2027 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ቀድመው ፈቃድ ላገኙት እስከ 2029 የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቷል። ለእኛ ለገዢዎች የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዛሬ በአዲስነት የሚሸጡትም ሆኑ ለብዙ ዓመታት ባገለገሉ መኪኖች ገበያ የሚዘዋወሩት መኪኖች ደንቡ ያልደረሰባቸው ናቸው።

«መስታወት መስበሪያ መዶሻ እገዛለሁ» የሚል መፍትሔ ብዙ ሰው ያቀርባል፤ እኔም አስቀድሜ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። መዶሻው የሚሠራው ግን መስታወቱ ሲመታ የሚበታተነው ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው። በሁለት መስታወት መካከል ፕላስቲክ የተጣበቀበት ድርብርብ መስታወት ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ስድስት መሣሪያዎችን ሲፈትሽ አራቱ የተለመደውን መስታወት ሰብረዋል፤ ድርብርቡን የሰበረ ግን አንድም አልነበረም። የትኛው መስታወት የትኛው እንደሆነ በጥጉ ላይ በታተመው ጽሑፍ ስለሚታወቅ አራቱንም ጎን ለየብቻ ተመልከቱ፤ በአንድ መኪና ላይ የፊቱና የኋላው ሊለያዩ ይችላሉና።

ስለዚህ መኪናውን ስታዩ በሾፌሩ ወንበር ብቻ አትወሰኑ። ከኋላ በሁለቱም በኩል ተቀመጡ፣ በሩን ዝጉ፣ የሕፃናት መቆለፊያውን አስጠፉ፣ ከዚያም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በእጃችሁ ብቻ የሜካኒካል መክፈቻውን ፈልጉ። የተሻሉት መኪኖች እጀታውን በቀስታ ስትስቡት በኤሌክትሪክ፣ አጥብቃችሁ ስትስቡት ደግሞ በጉልበት የሚከፈቱ ናቸው፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ያለ ትምህርት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። መክፈቻው በምንጣፍ ወይም በክዳን ሥር ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ያስነጠፈው ተጨማሪ የጎማ ምንጣፍ ወይም የወንበር ልብስ እንዳልሸፈነው አረጋግጡ። የትንሹን ባትሪ ዕድሜ ጠይቁ፤ ሻጮች ስለ ትልቁ ባትሪ ጤንነት ብዙ ያወራሉ፣ ስለዚህኛው ግን ዝም ይላሉ። የሻንሲ ቁጥሩንም ይዛችሁ መኪናው ለማስተካከያ የተጠራ መሆን አለመሆኑን፣ ከተጠራም ሥራው መሠራቱን በአምራቹ ድረ ገጽ ፈትሹ።

ሻጩ ትንሹን ባትሪ ነቅሎ አራቱንም በሮች እንዲከፍትላችሁ ብትጠይቁት ምናልባት እሺ ላይል ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ይረበሻል የሚል ምክንያትም ያቀርባል፣ ይህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። እንዲህ ካለ እያንዳንዱ የጎን በር ያለ ኤሌክትሪክ ከውስጥ በእጅ እንደሚከፈትና መክፈቻው የት እንደሚገኝ በሽያጭ ውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ጠይቁ። እኔ ይህን ስላላስጻፍኩ የምከራከርበት ሰነድ አልነበረኝም።